«ስፖኪዮው ተሰበረ»፤ ማን ሰበረው?

ጥያቄ፦ በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አሽከርካሪ ክርኔን ሊነካኝ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶኝ አለፈ፤ ጥሩንባውንም ያለማቋረጥ ነፋብኝ። ቀጥሎ ባለው የትራፊክ መብራት ላይ ስደርስበት ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅሁት። ንግግራችን ከረረ፤ በዚያ መሐል የመኪናው ስፖኪዮ ተሰበረ። አሁን «ካላስጠገንክ እከስሃለሁ» እያለ መልእክት ይጽፍልኛል። የተበደልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ሲጠጋኝ የሚያሳይ ቪዲዮም አለኝ። ብስክሌተኛ ሕይወቱን አደጋ ላይ የጣለበትን አሽከርካሪ ፊት ለፊት የመጠየቅ መብት የለውም?

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አብሬዎት ተቆጣሁ፤ በሁለተኛው ግን ዓይኔ አንዲት ግሥ ላይ ቆመ። አሽከርካሪው ተጠጋኝ፣ ነፋብኝ፣ ይጽፍልኛል እያሉ የእያንዳንዱን ድርጊት ባለቤት በግልጽ ሲጠሩ ቆይተው፣ ስፖኪዮው ላይ ሲደርሱ «ተሰበረ» ብለው አልፈዋል። ስፖኪዮ በራሱ አይሰበርም። በእጅዎ መትተውት ይሁን፣ የብስክሌትዎ መሪ ገጭቶት ይሁን፣ ወይስ አሽከርካሪው መኪናውን ሲያንቀሳቅስ ከእርስዎ ጋር ተላትሞ ይሁን አልነገሩኝም። እነዚህ ሦስቱ በሕግ ፊት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ሆን ተብሎ በሰው ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት፣ ሁለተኛው ምናልባት ቸልተኝነት፣ ሦስተኛው ደግሞ እርስዎን ከሳሽ ሊያደርግ የሚችል ሁኔታ ነው። ለእኔ በጽሑፍ መመለስ አይጠበቅብዎትም፤ ለሚወክልዎት ጠበቃ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ሳያሳምሩ ሊነግሩት ይገባል።

የሚኖሩበትን አገርም አልጻፉልኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ የሚገኘውን የጋራ መርህ ነው፤ የአገርዎን ድንጋጌ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያማክሩ አንድም እርምጃ እንዳይወስዱበት አደራ እላለሁ።

የማያከራክረውን በአጭሩ ላንሳ። ቀድሞ የሚያልፍ አሽከርካሪ ለሚያልፈው ሰው በቂ የጎን ርቀት እንዲተው የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ያዛል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ አንዳንድ አገሮች ርቀቱን በቁጥር ወስነውታል። ጀርመን ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ትጠይቃለች፤ ፈረንሳይ ደግሞ በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር። ብስክሌተኛው ጉዳት ቢደርስበት ደግሞ እንደ ኔዘርላንድስ ያሉ አገሮች ካሣውን በአብዛኛው በባለሞተሩ ላይ ይጥላሉ፤ ፈረንሳይም በ1985 ባወጣችው ሕግ ከአሽከርካሪው ውጭ ያሉ ተጎጂዎችን በተመሳሳይ መንገድ ትጠብቃለች። በመጠጋቱ ረገድ እንግዲህ አቋምዎ መጥፎ አይደለም። ጉዳዩ እዚያ ላይ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮውን ይዘው ፖሊስ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ እኔም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው መብራቱ ላይ ነው። በብስክሌት ጉዳይ ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚሁ ቦታ ነው፤ ሲነግሩኝም ሁሉም ልክ እንደ እርስዎ «ስደርስበት» ይላሉ። መድረስ የሚለው ቃል መከተልን ይደብቃል። ለተበደለው ሰው ከመጠጋቱ እስከ መብራቱ ያለው ጊዜ አንድ ቁጣና አንድ ታሪክ ነው፤ ልቡ ገና እየመታ፣ እጁ ገና እየተንቀጠቀጠ ነውና ከመኪናው ጋር ያለው ነገር የተቋረጠ አይመስለውም። ሕግ ግን ይህን ታሪክ ለሁለት ይቆርጠዋል። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው መከላከያ የሚሠራው ጥቃቱ በመፈጸም ላይ ሳለ ወይም ሊፈጸም ሲቃረብ፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ባልተቻለበት ሁኔታ፣ ከአደጋውም ጋር በተመጣጠነ መጠን ብቻ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ካለፈዎት ከ10 ሰከንድ በኋላ መንገዱ ክፍት ከሆነ 140 ሜትር ያህል ርቋል። አደጋው አብሮት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ረግጠው የተከተሉት እርስዎ ነዎት፤ የተቃራኒ ወገን ጠበቃም ዳኛውን የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የፈራ ሰው የሚሸሸውን ይከተላል ወይ?» የሚል እንደሚሆን ከወዲሁ ይወቁት።

ልዩነቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ እንዲታይዎት አንድ ምሳሌ ልስጥ። መኪናው እየተጠጋዎት፣ ከጠርዙ ጋር ሊያጣብቅዎት ሲል በመዳፍዎ በሩን ቢመቱና አሽከርካሪው ደንግጦ ቢርቅ፣ በሩ ትንሽ ቢጎደጉድም እንኳ «ሕይወቴን ለማዳን ያደረግሁት ነው» የሚለው ክርክር በብዙ ችሎቶች ጆሮ ያገኛል። ያው መዳፍ ያንኑ በር ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ መኪናው ቀይ መብራት ላይ በቆመበት ቢመታ ግን ንብረት ማበላሸት ነው። ቁጣዎ ተገቢ መሆኑ ቅጣት ሊያቀልልዎት ይችል ይሆናል፤ የስፖኪዮውን ዋጋ ከመክፈል ግን አብዛኛውን ጊዜ አያድንዎትም። የራስዎ የኃላፊነት መድን ካለዎትም ሆን ብለው ያደረሱትን ጉዳት እንደማይሸፍን ውሉን ከፍተው ያንብቡ።

መጠየቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። የቆመን አሽከርካሪ በጨዋ ቃል «በጣም ተጠግተውኝ ነበር» ማለት በየትኛውም አገር የሚያስከስስ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ንግግሩን በቅጽበት ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። አንደኛው መኪናውን ወይም ሰውዬውን መንካት ነው፤ በተከፈተ መስኮት እጅ ማስገባት ብቻውን የእጅ እልፊት ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ሁለተኛው ብስክሌቱን ከመኪናው ፊት አጋድሞ መንገድ መዝጋት ነው፤ ይህ የሰውን የመንቀሳቀስ ነፃነት መንካት ከመሆኑም በላይ አሽከርካሪው «ከበበኝ፣ ፈራሁና ነዳሁ» እንዲል በር ይከፍትለታል። ሦስተኛውና የሚናቀው ዛቻ ነው። «ታርጋህን ይዤዋለሁ፣ ታያለህ» የሚለው ቃል እርስዎ ፖሊስ ዘንድ እሄዳለሁ ለማለት የተናገሩት ቢሆንም፣ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚነበበው በሌላ ድምፅ ነው።

አሽከርካሪው ፈራሁ ማለቱ ቀልድ አይምሰልዎት። በነሐሴ 2009 መጨረሻ በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ አንድ ብስክሌተኛ ከአንድ መኪና ነጂ ጋር ከተጋጨ በኋላ መኪናው ላይ ተንጠላጥሎ ሳለ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ነጂው የክፍለ ሀገሩ የቀድሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስለነበሩ ጉዳዩ ለውጭ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠ፤ በግንቦት 2010 ክሱ ጥፋተኛ ያሰኛል የሚል በቂ ተስፋ የለውም ተብሎ ተነሣ። በመከላከያው ላይ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ሟቹ ቀደም ሲል ከሌሎች አሽከርካሪዎች ጋር ያደረጋቸው ግጭቶች ነበሩ። ይህን የማነሣው ማን ትክክል እንደነበር ለመፍረድ አይደለም፤ እርስዎ ስላሳለፏቸው ሌሎች መንገዶችና መብራቶችም ልጠይቅዎት ስለፈለግሁ ነው። ይህ የመጀመሪያዎ ነውን? ካልሆነ፣ የሚወክልዎት ጠበቃ ከእርስዎ ይስማው እንጂ ከተቃራኒ ወገን አይስማው።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። «ሲጠጋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ» ብለዋል። ካሜራው ከዚያ በኋላ ጠፍቶ ነበር ወይስ ቀሪውን ለመጥቀስ አልፈለጉም? ሄልሜት ላይ የታሰረ ካሜራ ወገንተኝነት የለውም፤ የአሽከርካሪውን ጥፋት እንደያዘ ሁሉ የእርስዎን ስድብና የእጅዎን እንቅስቃሴም ይዟል። ቆርጠው የሚጠቅምዎትን ብቻ ቢያቀርቡ፣ ቀሪው መኖሩ በታወቀ ጊዜ ጥሩው ክፍል እንኳ ተአማኒነቱን ያጣል፤ ማጥፋት ደግሞ ማስረጃ መሰወር ተብሎ ራሱን የቻለ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ሙሉውን፣ ሳይነካ፣ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ታርጋውና የሰውዬው ፊት በሚታይበት ሁኔታ ለሕዝብ አይልቀቁት፤ በዚህ ምክንያት ከተበዳይነት ወደ ስም ማጥፋት ተከሳሽነት የተሻገሩ ሰዎች አሉ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ምናልባት ያስከፋዎት ይሆናል። ይህ ሰው መልእክት የሚጽፍልዎት ስልክ ቁጥርዎን ከየት አግኝቶ ነው? እርስዎ ሰጥተውት ከሆነ ያንጊዜ ምን ብለው እንደሰጡት ያስታውሱ። ሰዎች ግርግሩ ሲበርድ ደንግጠው «እሺ አስጠግንልሃለሁ» ይሉና በማግስቱ ይቆጫቸዋል፤ እንዲህ ያለው ቃል፣ በተለይ በጽሑፍ ከሆነ፣ ጥፋትን እንደማመን ሊቆጠር ይችላል። በአንጻሩ በተፈጠረው ግጭት ንብረት ተጎድቶ ሳለ ስምና አድራሻ ሳይለዋወጡ መሄድ በብዙ አገሮች ራሱ ጥፋት ነው፤ ቁጥርዎን መስጠትዎ ብቻውን አይጎዳዎትም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ሙሉውን ቪዲዮ፣ የመልእክቶቹን ቅጂ፣ የብስክሌትዎንና የሰውነትዎን ፎቶ፣ ሐኪም አይተውም ከሆነ የሕክምና ማስረጃውን፣ መብራቱ አጠገብ የነበሩ የዓይን ምስክሮችን አድራሻ ይዘው ይቅረቡ። በአካባቢው ካሜራ የተከለ ሕንፃ ካለ ቅጂው እንዲቀመጥ በጽሑፍ ለመጠየቅ አይዘግዩ፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ጊዜው ሲያልፍ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀርጻሉ። ስለ መጠጋቱ አቤቱታ የሚያቀርቡ ከሆነም አስቀድመው ከጠበቃው ጋር ይምከሩበት፤ ፖሊስ ስለ መጠጋቱ ቃልዎን ሲቀበል ስለ ስፖኪዮውም መጠየቁ አይቀርም። እስከዚያው ለአሽከርካሪው መልእክት መልስ አይስጡ፤ ሰጥተው ከሆነም አንዲቱንም እንዳያጠፉ።