ዝናብ የመታው ሰንጢ

*ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አጎቴ ከፈረንሳይ ሲመጣ ሰንጢ ይዞልኝ መጣ። እጀታው እንጨት ነው፣ አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት አለው፣ «ቁጥር 8» ይላል። በጋውን ሙሉ ሳያስቸግረኝ ከረመ። ሐምሌ ላይ ከብት ስጠብቅ ዝናብ መታኝ፣ እሱም ኪሴ ውስጥ አብሮኝ ራሰ። ከዚያ ወዲህ በጥፍር ብል በጥርስ ብል አልከፈት አለኝ። ስለቱም ጠቁሯል። እናቴ ደግሞ ብረቱ ላይ የታተመውን ዘውድ የደፋ እጅ አይታ «ይሄ የምን ምልክት ነው? ቤቴ እንዳታስገባው!» ብላኛለች። ምን ይሻለኛል? (ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ)*

መጀመሪያ ጥርስህን አትርፍ! እንዳልከው ከሆነ ኦፒኔል ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. በ1890 መሥራት የጀመረው፣ የገበሬና የእረኛ ሰንጢ ነው፤ ስለዚህ አንተ ዘንድ መምጣቱ ቦታውን አልሳተም። ቀለበቱ የተጨመረው በ1955 ነው፣ ስለቱ ጣትህ ላይ እንዳይታጠፍ ይቆልፈዋል።

የተበላሸ ነገር የለም። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፣ አብጦም ብረቱን ጨምቆ ይዞታል፣ ያው በክረምት እንደሚጠብቅ የቤት በር ማለት ነው። የሳቮይ ሰዎች ራሳቸው የሚያደርጉትን ልንገርህ። ቀለበቱን አዙረህ ክፍቱን ከእጀታው ስንጥቅ ጋር ግጠመው። ከዚያ የእጀታውን ጭራ ጠንካራ እንጨት ላይ ቶክ ቶክ አድርገው። ስለቱ ትንሽ ብቅ ይልልሃል፣ እሱን ይዘህ ትከፍታለህ። ጣትህ ብቻ ስንጥቁ ላይ እንዳይሆን።

ከተከፈተ በኋላ ክፍቱን ተወው፣ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀን ይድረቅ። እሳት ዳር እንዳታስጠጋው አደራ! እኔ አንድ ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ ቸኩዬ የራሴን ምድጃ አጠገብ አስቀምጬው፣ ጠዋት ስነሳ እጀታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። ሲደርቅ መታጠፊያው ውስጥ ሰም እሸው። እጀታውን የተልባ ዘይት ብትቀባው ደግሞ ውኃ ቶሎ አይገባውም። ተልባ እናንተ ጋ አይጠፋም፣ ዘይቱን ማግኘት ነው እንጂ።

ስለ መጥቆሩ፦ ሁለት ዓይነት ብረት አለው። «ኢኖክስ» የሚል የተጻፈበት አይዝግም። ያንተ «ካርቦን» የሚለው መሆን አለበት። እሱ ብርቱካን፣ ሎሚና ሽንኩርት በነካው ቁጥር ወደ ግራጫ፣ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ይሄ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ከዝገት ትንሽ ያስጥለዋል፣ እኔ እንደውም መልኩን ወድጄዋለሁ። ቀይ ካየህ ግን እሱ ዝገት ነው። በአመድና በጠብታ ዘይት ፈትገው፣ ከተጠቀምክ በኋላም ሳትጠርገው እንዳታጥፈው።

ለእናትህ ደግሞ እንዲህ በላቸው፦ እጁ የመጥምቁ ዮሐንስ ነው። እነ ኦፒኔል ሰፈር አቅራቢያ ያለችው ከተማ በእሱ ስም ትጠራለች፣ ካቴድራሏ ውስጥ የጣቶቹ አፅም አለ ይባላል። የከተማዋ ዓርማ ላይ ያለውን የሚባርክ እጅ ወስደው፣ የሳቮይን ዘውድ ደፍተውበት በ1909 ምልክታቸው አደረጉት። ይሄን ሰምተው ደግሞ ሰንጢውን ራሳቸው እንዳይወርሱህ።

*የአባቴ ሰንጢ ደንዟል። ብየዳ ቤት ወስጄ በግራይንደር ላስለው? (ከደብረ ብርሃን)*

እህቴ፣ ተይ! ግራይንደር ብረቱን ያግለዋል። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ፣ ዛሬ ተስሎ ነገ ይደንዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከመላለስሽው ደግሞ የአባትሽ ሰንጢ ወረንጦ ሆኖ ይቀራል።

የሚስል ድንጋይ ውኃ አርከፍክፈሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ስለቱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ግማሽ አጋድሚው፣ የቀረውን እንደገና ግማሽ አጋድሚው። ይሄ ሃያ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ይበቃል። በዚያው አያያዝ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየሳብሽ አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን አስኪጂው። ድንጋይ ካጣሽ የቡና ሲኒ ገልብጪ። ቂጡ ላይ ያ ያልተቀባው ሻካራ ክብ አለ አይደል? የደከመ ስለት ያነሳል። መሳሉን በወረቀት ሞክሪው፣ በአውራ ጣት አይደለም።

የድሮ ሰንጢ ብዙውን ጊዜ መቆለፊያ የለውም። በጫፉ ወግተሽ ወደ ፊት ከገፋሽው ይታጠፋል። ሌባ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ነው የመጣው።

*ሰንጢ ይዤ አውሮፕላን መሳፈር እችላለሁ? (ከሸዋ ሮቢት)*

በእጅ ሻንጣ አይሆንም፣ ፍተሻው ላይ ይወስዱብሃል። ለጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልለህ አስገባው። ኪስህን ከቤት ሳትወጣ ፈትሽ፣ ሰው የሚረሳው እዚያ ነው።

*በኦፒኔል በግ ይታረዳል? (ከደብረ ሲና)*

ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለማረድ ያጥራል። ደሙና ስቡ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ ቶሎም አይለቅም። ጾም ሲገባ ደግሞ በዚያ ሰንጢ ሽንኩርት ልክተፍ ብትል ማን ያስጠጋሃል? ለበጉ ትልቁን ቢላ አውጣ። ሰንጢው የታሰረበትን ገመድ ይቁረጥልህ።