ሉፕ ወይስ ቾፕ? ቢት ለምትሰሩ ልጆች

ሉፕ ማለት ከሸክላ አንድ ቁራጭ ወስዶ እየደጋገሙ ማዞር ነው፣ ቾፕ ደሞ ቁራጩን ከታትፎ እንደአዲስ መደርደር። "ሉፕ ማድረግ ስንፍና ነው" የምትሉት ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያማረ ሸክላ ታገኙና የማሽኑ ፓድ (በጣት የሚመታው ቁልፍ) 16 ስለሆነ ብቻ 16 ቦታ ትከታትፉታላችሁ፣ ከዛ ያ ደስ ያላችሁ ነገር የት እንደገባ ራሳችሁም ይጠፋችኋል።

ሂፕሃፕ እኮ የተወለደው ከሉፕ ነው። ዲጄ ኩል ሄርክ በ70ዎቹ መጀመሪያ ብሮንክስ ድግስ ላይ ሁለት አንድ አይነት ሸክላ ይዞ የድራሙን ብሬክ (ድራሙ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ) ከአንዱ ወደ አንዱ እያቀባበለ ነበር የሚያስረዝመው፣ ሳምፕለር (ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት ማሽን) ምናምን የለም። ቾፑ ደሞ በከፊል የችግር ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 1987 የወጣው ኤስፒ-1200 የሚባል ሳምፕለር በጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ገደማ ነው፣ አንዱ ሳምፕል (የተቀዳ ቁራጭ) ከ2.5 ሰከንድ አያልፍም፣ በ90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) አንድ ባር (አራት ምት) ደሞ 2.67 ሰከንድ ይፈጃል፣ አስቡት አንዲት ባር እንኳ ሙሉዋን አትገባም! ስለዚህ ሰዎቹ በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ45 ፍጥነት እያጫወቱ ይቀዱና ማሽኑ ላይ ፍጥነቱን መልሰው ያወርዱታል፣ ሲቀዳ ባሯ ወደ 2 ሰከንድ ወርዳ ትገባለች። ዛሬ በፕለጊን የምታሳድዱት ሻካራ ድምፅ በከፊል ከዛ የመጣ ነው። የናንተ ላፕቶፕ ግን ሙሉ አልበም ይውጣል፣ እና ስትቆርጡ የራሳችሁ ምክንያት ይኑራችሁ።

ጥሩ ሉፕ ደሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የድሮ ባንድ ያለ ክሊክ (ጊዜ የሚቆጥር ድምፅ) ስለሚጫወት አራተኛዋ ባር ከመጀመሪያዋ ፈጠን ልትል ትችላለች፣ ግሪድ (የፕሮግራሙ እኩል የጊዜ መስመር) ላይ ስትጭኑት ይንሸራተታል። ዙም አድርጉና ኪኩ (ትልቁ ድራም) የሚነሳበት ላይ ቁረጡ፣ ትንሽ ከቀደማችሁ ያለፈው ሲምባል ጭራ አብሮ ይገባል፣ ከዘገያችሁ ኪኩ ጉልበቱን ያጣል። ከዛ አይናችሁን ጨፍናችሁ ደጋግሞ ይዙር፣ ስፌቱ ከተሰማችሁ ገና ነው።

መቼ ልቁረጥ ካላችሁኝ፣ ዘፋኙ ጥሩው ቦታ ላይ ሲገባባችሁ፣ ወይ ኮርዱ ወደማትፈልጉት ሲሄድ። የኛ ዘፈን ላይ ደሞ ችክችካው አለ። ችክችካ ምቱን ለሶስት ይከፍላል፣ የለመዳችሁት የሃይሃት ሲምባል ለሁለት ለአራት ይከፍላል፣ ዝም ብላችሁ ብትደርቡት ይጣላሉ። ወይ ድራማችሁን ወደሱ አምጡት (እኔ ይሄን ነው የምወደው) ወይ የክራሯን አንድ ኖታ፣ የሳክስፎኑን አንድ ሀረግ ነጥላችሁ አውጡና የራሳችሁን ምት ስሩበት። ስትመቱት ኳንታይዙን (ምቱን ወደ ግሪዱ የሚያስተካክለውን) አጥፉት፣ በጃችሁ ይሁን። ቢት ሰሪው ጄ ዲላ ብዙ ጊዜ እንደዛ ያደርግ ነበር ይባላል፣ ኤምፒሲው (ሳምፕለሩ) እዚህ ዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብቷል። በሌላ በኩል ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ሲወስዱ ዋናው ሀረግ ወዲያው እንዲታወቅ አድርገው ነው ያስገቡት፣ ማን ሰነፍ አላቸው?

"ቾፕ ካደረግኩት ማን ያውቀዋል" የምትሉትን ግን ተዉት። አሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 ለ2 ሰከንድ የጊታር ድምፅ፣ ያውም ቶኑ ወርዶ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሏል፤ በ2016 ሌላው ተቃራኒውን ወሰነ፣ እና በዚህ መሀል ኪሳችሁን አታስገቡ። ቢቱን ከመሸጣችሁ በፊት ሸክላው ላይ ያለውን ስም አንብቡና ባለመብቱን ፈልጉ፣ የኛ ሰው ከሆነ እሱን ወይ ቤተሰቡን የሚያውቅ ዘመድ አይጠፋም፣ ደውሉላቸው።