መልስ፦ «ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አጣሁ» ላልሽው የፍኖተ ሰላም እህቴ

እህቴ፣ ወደ ባሕር ዳር የተላከው የደም ምርመራ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ይሁን አይሁን እስኪለይ መጨነቅሽ አይገርምም። ሆኖም ምርመራው የሚፈልገው ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ፕሮቲን በአንዳንድ ጤነኛ ሰዎች ደምም ይገኛል፤ ታማሚው ላይም ሊታጣ ይችላል። አንዲት ወረቀት ብቻዋን አትፈርድብሽም።

እስከዚያው ጠዋት የደረቁት ጣቶችሽ እስኪፍታቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ የትኛው አንጓ እንዳበጠ፣ ሊጥ ማቡካት ወይም የጀሪካን ክዳን መክፈት እንዳቃተሽ ጻፊ፤ ሐኪሙ አጥብቆ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ጎረቤት «ፍቱን ነው» ብላ የምትሰጥሽን ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት አብራጅ መድኃኒት ግን አትንኪ፤ እብጠቱን ደብቆ ምርመራውን ያሳስታል። ጠበሉን ተጠመቂ፣ ማን ከለከለሽ! ቀጠሮውን ብቻ አታሳልፊ። በሽታው ቢሆን እንኳ ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት መገጣጠሚያን ከመበላሸት ይታደጋል።

ሌሊት በስልክ የተጣመመ እጅ ፎቶግራፍ መፈለጉንም ተይው፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ሳይታከሙ የቆዩ እጆች ናቸው።