የጥያቄና መልስ ዓምድ፦ የረገፈው የክዳን ሥዕል

ጥያቄ፦ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን የሠራነው የሰፈር ግድግዳ ሥዕል በሦስት ወሩ መርገፍ ጀመረ። ያጣበቅነው በማስቲሽ ነበር። ምን አጠፋን? ለአንድ ካሬ ሜትርስ ስንት ክዳን ይበቃል?

መልስ፦ የወደቀ ክዳን አንሡና ጀርባውን እዩ። ማስቲሹ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ክዳኑ ንጹሕ ከሆነ ችግሩ የእጃችሁ አይደለም። ክዳን የሚሠራባቸው ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ አይወዱም፤ ፀሐይ ሲመታቸው ይለጠጣሉ፣ ማታ ይሰበሰባሉ፣ ማስቲሹም ይለቃል። ውድ ማስቲሽ መግዛትም ብዙ አያድናችሁም።

ክዳኖቹን ከማጣበቅ ይልቅ ኮምፔንሳቶ ላይ በቪቲ እሰሩ። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወስዳችሁ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ በተለይ ጠርዙን ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ቀቡ፤ ውሃ ሰርጎ የሚያሳብጠው በጠርዙ በኩል ነው። ክዳኖቹን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ የለስላሳ ስኳር ጉንዳን ይጠራል። አፋቸውን ወደ እንጨቱ አድርጉ፤ ወደ ውጭ ከሆነ ዝናብና አቧራ ያጠራቅማሉ። ለ3 ሚሊ ሜትር ቪቲ የክዳኑን ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ብሱት፣ ክዳኑ ሲሞቅ መላወሻ እንዲያገኝ። ቪቲው የማይዝግ ይሁን። ስታጠብቁት ክዳኑ መጎድጎድ ሲጀምር አቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክዳን በካሬ ሜትር 33 በ33፣ ማለትም 1,089 ይገባል። 1,200 ሰብስቡ። ከየቀለሙ ለጥገና የሚሆን ትንሽ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ።