እናንተ ጠይቁ፦ ከህዋ የመጣው እንግዳና የደብረ ብርሃን ፕሮጀክተር

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን ወጣቶች ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራን የሚያወራ የድሮ ፊልም ግቢ ውስጥ ልናሳይ አስበናል። ተኩስ በተኩስ የሆነውን አንፈልግም፤ አይተው የሚከራከሩበት ይሁን። የተዋስነው ፕሮጀክተር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በራሱ ይጠፋል። ያዘጋጀነው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍም መጀመሪያ ልክ ሆኖ እየቆየ ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ምን ይሻላል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለክርክር ከሆነ በ1951 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀውን «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» (The Day the Earth Stood Still) አሳዩ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 92 ደቂቃ። በራሪ ሳህን ዋሽንግተን ላይ ያርፋል፤ ወታደሩ ታንኩን አሰልፎ ይከበዋል። ክላቱ የተባለው እንግዳ ወርዶ ከጉያው አንድ ዕቃ ያወጣል። ዕቃዋ ብትን ብላ ስትከፈት አንድ ወታደር ደንግጦ ይተኩስበታል። ለፕሬዚዳንቱ ያመጣት ስጦታ ነበረች! ፊልሙ ሲያልቅ ይህቺን ትዕይንት መልሱና ድምፁን ዘግታችሁ ድገሟት፤ «ተኩስ» ያለ አዛዥ እንዳለ ፈልጉ በሏቸው። ክርክሩ ከዚያ ይነሳል።

ጎርት የተባለውን ሮቦትም ልብ ይበሉት። ልብሱ ሁለት ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ የሚዘጋ። ካሜራው በየት በኩል እንዳለ እያዩ ይቀያይሩ ስለነበር ስፌቱ አይታይም። ምስሉን ግን በ4፡3 (ስፋት ለከፍታ) አድርጉት። አቡጀዴው እስኪሞላ ከለጠጣችሁት ጎርት ወፍሮ ይቀራል። 2 ሜትር ከፍታ ላለው ምስል 2.7 ሜትር ያህል ስፋት ይበቃል። አቡጀዴውን ደርቡት፤ ነጠላው ብርሃን ያሳልፋል። ከታችም ወጥራችሁ እሰሩት፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ አይምርም።

ወደ ግርጌ ጽሑፉ እንምጣ። የፊልሙ ፋይል 92 ሳይሆን 88 ደቂቃ ግድም ከሆነ በሰከንድ 24 ምስል የነበረው ወደ 25 ተፋጥኗል ማለት ነው። ጽሑፉ ለ24 ከተሠራ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ማጫወቻው ላይ ጽሑፉን ማስቀደም ሁሉንም እኩል ስለሚገፋ አይፈታውም። ጽሑፉን በሠራችሁበት ፕሮግራም ፍጥነቱን ከ24 ወደ 25 ቀይሩትና የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ኮድ አስቀምጡት፤ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንባችኋል።

ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። እናንተ ጋቢ ተከናንባችሁ ስትንቀጠቀጡ አምፖሉ ውስጥ ለውስጥ ይግላል፣ መሣሪያው ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ያው ፕሮጀክተር ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ይህን ጠባይ ላያሳይ ይችላል። መጀመሪያ የአቧራ ማጣሪያውን አጽዱ። ቀጥሎ ሜኑው ውስጥ «ሃይ አልቲትዩድ» (ለከፍተኛ ቦታ) የሚለውን ክፈቱ፤ አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲከፈት ያዛሉ። ማራገቢያው ስለሚጮህ ስፒከሩን ከአቡጀዴው ሥር አድርጉት። ይህ ፊልም ሲታይ ድምፅ ዋና ነው፤ በርናርድ ኸርማን ለሙዚቃው ሁለት ቴረሚን ተጠቅሟል፣ እጅ ሳይነካው የሚያቃስት የኤሌክትሪክ መሣሪያ።

መብራት ሄዶ ቢመጣ ወዲያው አታብሩት፤ አምፖሉ እስኪበርድ 10 ደቂቃ ያህል ታገሡ። ፊልሙ ውስጥም ክላቱ ኃይሉን ለማሳየት በመላው ዓለም ኤሌክትሪክ ለግማሽ ሰዓት ያቆማል፤ ሆስፒታልና በሰማይ ያለ አውሮፕላን ብቻ ሲቀር። ተዋናዮቹ እዚህ ላይ ይርበደበዳሉ። የእናንተ ተመልካች ግን «ግማሽ ሰዓት ብቻ?» ብሎ ቢስቅ አትገረሙ።