ሽማግሌው ውሻ አልሞተም

አልሞተም እህቴ። ልጅሽ «ሌዲ ኤንድ ዘ ትራምፕ» የሚባለው የካርቱን ፊልም መጨረሻ አካባቢ ጋሪ ሲወድቅበት አይታ ያለቀሰችለት ሽማግሌው ውሻ ትረስቲ በሕይወት አለ። ፊልሙን እዚያ ላይ ካጠፋሽው መልሰሽ ክፈቺውና የገናውን ትዕይንት አሳዪያት። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ይመጣል። ከምትነግሪያት ራሷ ብታየው ይሻላል። ጓደኛው ውሻ ጆክ አጠገቡ ቆሞ ሲያላዝን ማንም ሰው ሞተ ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ይህ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣ የዲዝኒ ፊልም ከጋሪውም የባሰ ቦታ አለው፤ የባዘኑ ውሾች የሚታሰሩበት ቤት። ነትሲ የሚባለው ውሻ ከጠባቂው ጋር በአንድ በር ይገባል። አይመለስም። ደም አይታይም፣ ግን የሚገደሉበት በር ነው። ዋናዋ ውሻ ሌዲ የምትተርፈው ባለቤት እንዳላት የሚያሳይ የፈቃድ ምልክት አንገቷ ላይ ስላላት ነው።

ልጄ ሲጠይቀኝ «ቤቱ ሄደ» አልኩት። ሌላ ቀን ደግሞ አይቶት «ታዲያ ሌሎቹ ለምን አዘኑ?» ብሎ ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ትረስቲ ዳነ ስለውም አላመነኝም። ልጅሽ ከጠየቀችሽ አትዋሺያት። «ያኔ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ይገድሏቸው ነበር» በያት፣ በአጭሩ። ከዚያ እቅፍ አድርጊያት።