ኳንተምና ንቃተ ህሊና ምን አገናኛቸው? የጅማ ልጆች ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የአቶምና የኤሌክትሮን ዓይነት ጥቃቅን ነገሮችን ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ የነርቭ ሐኪም አይደለሁም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጠይቁ።

ከሂርማታ፦ መምህር፣ ኤሌክትሮን ሰው ሲያየው ጠባዩን ይቀይራል የሚባለው እውነት ነው?

መምህር፦ ሰው አያስፈልግም። ይህችን ያዙልኝ። በሁለት ቀዳዳ ሙከራ፣ ማለትም ቅንጣቶችን በሁለት ጠባብ ቀዳዳ አሳልፈን ስክሪን ላይ ስንቀበላቸው፣ ቅንጣቷ በየትኛው በኩል እንዳለፈች የሚናገር ምልክት የሆነ ቦታ ከቀረ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት፣ የማዕበል ምልክት የሆኑት ብሩህና ጥቁር መስመሮች ይጠፋሉ። ምልክቱን ማንም ባያነበው እንኳ። ቪየና የተሠራውን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ። በ1999 ባለ 60 ካርቦን ሞለኪውል እንደ ማዕበል ሲያልፍ አሳዩ። በ2004 ደግሞ ባለ 70ውን በሌዘር አጋሉት። የጋለ ሞለኪውል ብርሃን ይረጫል፤ ብርሃኑም የት እንደነበረ ያሳብቃል። ሙቀቱ ሲጨምር መስመሮቹ እየደበዘዙ ሄደው ጠፉ። ያንን ብርሃን ቁጭ ብሎ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

ከጅሬን፦ የፊዚክስ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ ኖቤል የተሸለመው ግን በዚሁ በንቃተ ህሊና አይደል እንዴ?

ከቆጪ፦ በብላክ ሆል ነው ወንድሜ፣ በ2020።

ከጅሬን፦ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ አያወራም።

ከቆጪ፦ ማስረጃ አምጣ እንጂ ሽልማት አትቁጠር።

መምህር፦ ቆጪ ልክ ነህ። ፔንሮዝም ግን የሚናቅ ሰው አይደለም። ከማደንዘዣ ሐኪሙ ስቱዋርት ሃመሮፍ ጋር ሆኖ፣ ነርቭ ሴል ውስጥ ያሉት ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች የኳንተም ሥራ ይሠራሉ፣ ንቃተ ህሊናም ከዚያ ይመነጫል ብሏል። ችግሩ ጊዜው ነው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ቴግማርክ በ2000 ሲያሰላው፣ ሞቃትና እርጥብ አንጎል ውስጥ የኳንተሙ ሁኔታ (ብዙ አማራጭ በአንድ ጊዜ አብሮ መኖሩ) ሰከንድ ለ10 ትሪሊዮን ቢከፈል ከአንዱ ክፍል በማይበልጥ ጊዜ ይፈርሳል። ነርቭ መልእክት ለመላክ የሰከንድ ሺህኛ ያህል ይፈጅበታል። እነ ሃመሮፍ ስሌቱን ተቃውመዋል። ሐሳባቸውን በሙከራ ያረጋገጠ ግን እስካሁን የለም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ጭንቀት ያስለቅቃል የሚባል የኳንተም አምባር ይሸጣል። ልግዛው?

መምህር፦ አትግዢ። ጭንቀት ካለብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከአጂፕ፦ ነፍስስ?

መምህር፦ ፊዚክስ አይለካትም።

ከጅሬን፦ ካልተለካች የለችም ማለት ነው?

ከአጂፕ፦ እንደዛ አላለም! ለምን ታጣምማለህ?

መምህር፦ እሱን ቡና ላይ ጨርሱት። ቀጣይ።

ከሳጆ፦ ዘግይቼ ገባሁ። ኤሌክትሮን ሰው ሲያየው ለምንድነው የሚቀየረው?

መምህር፦ ከላይ አንብብ። ሰው አያስፈልግም ብያለሁ።

ከሂርማታ፦ ዩጂን ዊግነርን የሚያህል የፊዚክስ ሊቅ የኳንተም ልኬትን ውጤት የሚወስነው ንቃተ ህሊና ነው ብሎ የለም?

መምህር፦ አሁን ጠየቅክ! ብሏል፣ በ1961። በ1970 ግን የፊዚክስ ሊቁ ዲተር ዜ፣ በዙሪያው ካለው ነገር ጋር መነካካቱ ብቻውን የኳንተሙን ሁኔታ እንደሚበትነው አሳየ። ዊግነርም በኋላ ሐሳቡን ትቶታል። ከብዙ አማራጭ ለምን አንዱ ብቻ እንደሚወጣ ግን ዛሬም ያከራክራል። እዚያ ላይ ተከራከሩ፣ ደስ ይለኛል።

ከቆጪ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። ከየት ልጀምር?

መምህር፦ ከኮምፕሌክስ ቁጥርና ከሊኒየር አልጀብራ። ቪዲዮ ማየቱን ለጊዜው ተወው። የከበደህን ጥያቄ ይዘህ ና፣ አብረን እንሠራዋለን።